የመድኃኒት ባለሙያ የሚሠለጥነው የት ነው?



የሐኪም ማዘዣ ይዘው ወደ መድኃኒት ቤት በገቡ ጊዜ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ወረቀቱን ጥቂት ተመልክቶ ክኒኑን ሲሰጥዎ፤ ሥራው ዕቃ ከመደርደሪያ አውርዶ ከመሸጥ የማይለይ መስሎ ይታይዎት ይሆናል። ዳሩ ግን በአገራችን የፋርማሲ ዲግሪ የሚገኘው በአምስት ዓመት ትምህርት ነው፤ የመጨረሻውም ዓመት የሚያልፈው በመማሪያ ክፍል ሳይሆን በሆስፒታልና በመድኃኒት ቤት ነው።

ትምህርቱ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም የተጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ትምህርቱ ይበልጡን ያተኰረው በመድኃኒቱ ላይ ነበር፤ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ሥርዐተ ትምህርቱ ወደ በሽተኛው ዞሯል። ተማሪው በፊተኞቹ ዓመታት ኬሚስትሪን፤ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ፤ ጉበት እንዴት እንደሚለውጠውና ኵላሊት እንዴት እንደሚያስወግደው ይማራል፤ በቤተ ሙከራም ይመዝናል፤ ይቀምማል።

ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት ለምሳሌ እንውሰድ። ለመጋጠሚያ ቍርጥማት ሲታዘዝ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተማሪው ይህን በደብተሩ ጽፎታል፤ በፈተናም መልሶታል። በሽተኛው ግን ደብተሩን አላነበበም። እንደ ሌላው ክኒን በየቀኑ ቢውጠው የአጥንቱ መቅኔ ደም መሥራቱን ያቆምና ለሞት ሊያደርሰው ይችላል፤ እንዲህ ያለው አደጋ በልዩ ልዩ አገሮች ደርሷል። ወጣት ሠራተኛ በመሥሪያ ቤት ቢሳሳት ደብዳቤው ተመልሶ ይታረማል፤ የተዋጠ ክኒን ግን እንዲያ አይደለም።

እንግዲህ በተግባር ዓመት የሚማረው ይህ ነው። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰዋችን ለአክብሮት ሲል ባይገባውም «አዎን» ይላልና። ስለዚህ «እማማ፤ በየትኛው ቀን ይውጡታል? እስቲ ይንገሩኝ» ማለትን ይለምዳል። «እሑድ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ» ካሉት፤ «እሑድ ብቻ» ብሎ በማሸጊያው ላይ ይጽፍላቸዋል።

ጧት ጧት ደግሞ ከሐኪሞች ጋራ በሕሙማን አልጋ መካከል ይዞራል። ጄንታማይሲን ኵላሊቱ ለደከመ ሰው በሙሉ መጠን ቢታዘዝ፤ ተማሪው ከእርሱ እጅግ ለሚበልጠው ሐኪም በትሕትና፤ ነገር ግን ሳይፈራ፤ መናገር አለበት። እኔ እንደማስበው ከትምህርቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ለማዕርግ መታዘዝን ለለመድነው ለእኛ ይልቁንም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የሚያሠለጥነው ባለሙያ ጊዜ ሲኖረው ነው። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ካርቶን ሲሸከምና ክኒን ሲቈጥር ከዋለ፤ ዓመቱ ቢቈጠርለትም አልተማረም። እርስዎም በጤና መሥሪያ ቤት የሚሠሩ እንደ ሆነ፤ የሠራተኛ መደብ ሲጠና ለማሠልጠን የሚውለው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቈጠር ዘንድ ቢያሳስቡ መልካም ነው።