ባሮ ከማሻ ደን እስከ ጋምቤላ ወደብ



የባሮ ስም በተነሣ ቁጥር የሰሚው ሐሳብ ወደ ጋምቤላ ይሮጣል። የመልክዓ ምድር መጻሕፍትም ወንዙ ብርብርና ገባ ከሚገናኙበት ይጀምራል ይላሉ። ከጎሬ ወደ ማሻ የሚጓዝ መንገደኛ ግን ገና ደጋውን ሳይለቅ ባሮ የተባለውን ውኃ በድልድይ ይሻገራል። ታሪክ ጸሐፊው መርከብ ያልደረሰበትን ወንዝ መዝለሉ የተለመደ ነው።

መርከቡ የመጣው በውል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ በባሮ ዳርቻ በኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። የወንዙ ዳር ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለጦርና ለፖለቲካም እንዳይውል ተወሰነ። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ጋምቤላ ነው። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሸክም ወርዶ በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር፤ በምላሹ ጨውና አቡጀዲ ይገባ ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ይሁን እንጂ ውሉ የማይገዛው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የውኃው ልክ ነው። መርከቦቹ የሚዘልቁት በክረምት ብቻ ነበር፤ በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል ነጋዴው የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። ዝናቡን የሚቀበለው ደግሞ ደጋው ነው። በማሻ አካባቢ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ጥቅጥቁ ደን ጠብታውን በቅጠል ሰብሮ፣ በብስባሽ አፈር አጥልሎ ቀስ በቀስ ወደ ምንጭ ይለቀዋል። ዛፉ ሲነሣ ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ክረምቱ ደራሽ፣ በጋው ደረቅ ይሆናል።

የሸካ ሕዝብ ይህን ያወቀው ከመሐንዲስ አይደለም። የተከበሩ ደኖችንና የወንዝ ዳሮችን በባህሉ ሕግ ሲጠብቅ፣ ቀፎውንም በዛፉ ላይ ሲሰቅል ኖሯል። ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. የሸካን ደን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቧል። መዝገብ ግን መጥረቢያ አያስቆምም። ለቡናና ለሻይ እርሻ የሚመነጠረው መሬት በአብዛኛው ከላይኛው ተፋሰስ ነው፤ በላይኛው ባሮ ላይም የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ሲጠና ቆይቷል። ግድቡ ቢሠራ በደለል የሚሞላበት ፍጥነት የሚለካው በዚያው ቁልቁለት በሚቀረው ዛፍ ነው።