ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በወላጆች ፊት ያደረጉት ንግግር)



በእንዲህ ያለው ቀን ተማሪ ሲናገር ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር እንዲናገር ይጠበቃል። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ዝቅ ያለ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም በአሮጌ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ስለ ተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦና ስለ ምርመራው ነው። ይህንም የመረጥንበት ምክንያት ከመካከላችን ብዙዎቻችን በኪራይ ቤት ስለምንኖር፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆችም አንዳንዶቻችሁ ተከራዮች፣ አንዳንዶቻችሁም አከራዮች ስለሆናችሁ ነው። ነገሩ ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ስለሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን።

እንደሚታወቀው ኤሌክትሪክ ወደ ቤታችን የሚደርሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለአገሪቱ ታላቅ ደስታ ነበር፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኛም በዓይናችን ለማየት በቅተናል። ከግድቡ እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለውን መስመር የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አለ፤ መሐንዲሶችና ሠራተኞችም አሉት። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው። ባለቤቱ በቤቱ የሚኖር እንደሆነ ሽቦው ሲቃጠል ሽታው ወደ ራሱ አፍንጫ ይመጣል። ቤቱ የተከራየ እንደሆነ ግን ሽቦው የአንዱ፣ አደጋው የሌላው ይሆናል። የንግግራችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ያየነውን እንንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ከእናቱና ከሁለት እኅቶቹ ጋራ በሚኖርበት ግቢ ክፉ ነገር ደርሶ ነበር። ግቢው አምስት ቤተ ሰብ የሚኖርበት፣ ቤቱም በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ አሮጌ ቤት ሲሆን ለሁሉም ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ እናቱ ያጠቡትን ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ማስጫው ከጣራው ጠርዝ ጋራ የታሰረ ሽቦ ነበር። እርጥቡን አንሶላ እንደ ጣሉበት ኤሌክትሪኩ ነዝሮ ወደ ኋላ ወረወራቸውና ከጭቃው ላይ ጣላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ክንዳቸው ግን ለብዙ ቀን አልታዘዘላቸውም።

ዋናው ማጥፊያ ከጠፋ በኋላ ሲታይ፣ ከትልቁ ቤት ወደ ማድ ቤቱ የተሳበው የኤሌክትሪክ ሽቦ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ሲፋቅ ኖሮ ልባሱ ተልጦ ተገኘ። ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይዞ ነበር ማለት ነው። ቆርቆሮው በእንጨት ላይ ስለ ተቀመጠ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አልነበረውም፤ እኒያ እናት በእርጥብ መሬት ላይ ቆመው ማስጫውን ሲነኩ ግን መንገዱ የእርሳቸው አካል ሆነ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን፣ በዚያች ደቂቃ የግቢው አምፖል ሁሉ ይበራ፣ ሬዲዮውም ይናገር የነበረ መሆኑ ነው። ባልቦላውም አልተቃጠለም።

የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ የሚተዳደሩትም በዚሁ ኪራይ ነው። ሄደን ብንነግራቸው ደነገጡ፣ አዘኑም። ነገር ግን «ልጆቼ፣ ይህ መስመር ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የተዘረጋ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት መች አስቸገረ? የተላጠውን በፕላስተር ጠቅልሉልኝና ይብቃ» አሉን። ተከራዮቹም በበኩላቸው ከዚህ አልፎ ለመናገር አልደፈሩም። «አብዝተን ከጠየቅን ወይ ኪራይ ይጨመርብናል፣ ወይ ቤት ልቀቁ እንባላለን» ብለው ዝም አሉ። እንዲህም ሆኖ ባለቤቲቱ አደጋውን ስላላወቁት፣ ተከራዮቹ ደግሞ መባረርን ስለ ፈሩ፣ ሽቦው እንዳለ ሊቀር ሆነ።

«ይህን ሁሉ ዓመት መች አስቸገረ?» የሚለው ቃል ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ ስለሆነ ጥቂት እንመርምረው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው በሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት የሚያድገው በእጥፍ አይደለም፤ በአራት እጥፍ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ሽቦ ሲዘረጋላቸው የታሰበው ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነበር። ባለ 60 ዋት አምፖል ከ220 ቮልት መስመር የሚወስደው ከ0.3 አምፔር ያነሰ ነው። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ይህም 58 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ዛሬ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ማሞቂያ ይሰካበታል። ስለዚህ ሽቦው ትናንት አላስቸገረም ማለት የዛሬውን ሸክም ይችላል ማለት አይደለም።

ደግሞም ሽቦ እንደ ሰው ያረጃል። የጥንቶቹ ሽቦዎች ልባስ ላስቲክና ጨርቅ ስለ ነበረ በሙቀትና በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይረግፋል። መገጣጠሚያው ሲላላ በዚያው ቦታ ይግላል። አይጥም ይበላዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአቡጀዴ ኮርኒስ በላይና ከግድግዳው ውስጥ ማንም በማያይበት ስፍራ ነው። ተከራዩ ግድግዳውን እንዳይከፍት ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ አከራዩ ደግሞ በዚያ አይኖርም።

ብዙ ሰው የሚተማመነው በባልቦላው ነው። እኛም እንደዚያው እናስብ ነበር። መምህራችን ግን ስሕተታችንን አሳዩን። ባልቦላ ወይም ብሬከር የተሠራው ሽቦው ከመጠን በላይ ግሎ እንዳይቃጠል ለመጠበቅ ነው እንጂ በመስመሩ የተያዘን ሰው ለማዳን አይደለም። በሰው አካል ውስጥ የሚያልፍ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከቆየ ልብን ሊያውክ ይችላል። ባለ 16 አምፔር ባልቦላ ግን ከዚህ 500 ጊዜ የሚበልጠውን ሳይቃጠል ያሳልፋል። ሰውን የሚጠብቀው በትክክል የተቀበረ ግራውንድ፣ ማለት ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር ለይቶ የሚቆርጠው ልዩ ማጥፊያ ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ሁለቱም የሉም።

ለመሆኑ ምርመራ ማለት ምንድር ነው? መምህራችን ያለብንን ጭንቀት ሰምተው የብቃት ማረጋገጫ ያለው አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘውልን ወደ ግቢው መጡ። ባለሙያው መጀመሪያ በዓይኑ አየ፤ የጠቆሩ ሶኬቶችን፣ የተላጡ ሽቦዎችን፣ በቀጭኑ የባልቦላ ሽቦ ፋንታ የተጠመጠመውን ወፍራም ሽቦ መዘገበ። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ የተሰካውንም ሁሉ ነቅሎ፣ ሜገር በሚባለው መሣሪያ በ500 ቮልት የሽቦውን ልባስ ፈተነ። ልባሱ ደኅና ከሆነ መሣሪያው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ማሳየት አለበት። ከዚያም ማብሪያ ማጥፊያዎቹ የሚቆርጡት ትክክለኛውን ሽቦ መሆኑን፣ ግራውንድም መኖር አለመኖሩን መረመረ።

ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው መስመር ሲፈተን የመሣሪያው መርፌ ከዜሮ ብዙም አልተነሣም። ባለሙያው ባለቤቲቱን ጠርቶ፣ «እማማ፣ ይህን ይመልከቱ፤ ደኅና የሆነ ሽቦ እስከዚህ ይደርሳል፤ የእርስዎ ግን ከዚህ አላለፈም» አላቸው። እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ መርፌውን ሲያዩ ቆይተው፣ «ለካ እየበራ ደኅና አልነበረም» አሉ። በትምህርት ቤት ብዙ ሙከራ አድርገናል፤ እንደዚያ ቀን ያለ ሙከራ ግን አላየንም።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነበር። ባለቤቲቱ በአንድ ጊዜ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ስለዚህ አምስቱ ቤተ ሰብ አዋጥተው ወጪውን አስቀድመው እንዲከፍሉ፣ ገንዘቡም ከኪራዩ ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየታሰበ እንዲቀነስላቸው ተስማሙ። የማድ ቤቱ ሽቦ ተለወጠ፤ ለምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ተደረገለት፤ ግራውንድ ተቀበረ፤ ሰውን የሚጠብቀውም ማጥፊያ ገባ። ባለቤቲቱ ባለሙያው የፈረመበትን ወረቀት ከቤታቸው ካርታ ጋራ አንድ ላይ አስቀመጡት። ማንም አልተባረረም።

ይህ በአንድ ግቢ በበጎ ፈቃድ የሆነ ነው። በሌላ አገር ግን ሕግ ሆኗል። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት፣ የግል ቤት አከራይ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ የቤቱን ሽቦ በባለሙያ የማስመርመር ግዴታ አለበት። የእንግሊዝ አገሩ ደንብ አከራዩ የምርመራውን ወረቀት በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ እንዲሰጥ፣ አዲስ ተከራይም ቤቱ ሳይገባ እንዲያየው ያዛል። አደገኛ ሆኖ የተገኘው ነገር በ28 ቀን ውስጥ፣ መርማሪው ከዚያ ያነሰ ጊዜ ከወሰነም በዚያው ጊዜ፣ መታደስ አለበት። እምቢ ባለው አከራይ ላይ ደንቡ ሲወጣ የተወሰነው ቅጣት እስከ 30,000 ፓውንድ ይደርስ ነበር። በአውስትራልያ በቪክቶሪያ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ ምርመራው በየ2 ዓመቱ እንዲሆን ተደንግጓል። ከዚህ የምንማረው የቅጣቱን ብዛት አይደለም። ተከራዩ እየፈራ እንዳይለምን፣ ምርመራው በቀኑ የሚመጣ ልማድ እንዲሆን መደረጉን ነው።

በአገራችንስ? በከተማችን ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ስለ ሆኑ፣ አከራይ ሲባል ግለሰብ ብቻ አይደለም። በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ በሌሎች ሰፈሮች ግን እስከ ዛሬ የሚኖርባቸው አሉ። በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ ውሉ ከተጻፈ ዘንድ፣ አንድ መስመር ብንጨምርበት ምን ይከብዳል? «የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር በዚህ ቀን ተመርምሯል፤ የሚቀጥለው ምርመራ በዚህ ቀን ይሆናል» የሚል ቃል ለአከራዩም ለተከራዩም ይጠቅማል። ለአከራዩ ቤቱ እንዳይቃጠልበት ይጠብቅለታል፤ ለተከራዩም ሳይፈራ የሚጠይቅበት ወረቀት ይሆነዋል።

ስለሆነም ሦስት ነገር በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛ፣ አሮጌ ቤት የምታከራዩ ወላጆቻችን ተከራይ በተለወጠ ጊዜ፣ ባይለወጥም በየ5 ዓመቱ፣ መስመሩን በባለሙያ አስመርምሩ፤ ወረቀቱንም ለሚኖርበት ሰው ስጡ። ሁለተኛ፣ ተከራዮች የሆናችሁ የተቃጠለውን ባልቦላ በምስማር ወይም በወፍራም ሽቦ አትተኩ፤ የሞቀ ሶኬት ወይም የሚነዝር ቆርቆሮ ስታገኙም ዝም አትበሉ፤ ዝምታ ለባለቤቱም አይበጀውም። ሦስተኛ፣ ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ ባያችሁ ጊዜ በእጃችሁ አትንኩት፤ አስቀድማችሁ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ። ይህን የመጨረሻውን ታናናሾቻችሁ ሁሉ በቃላቸው እንዲይዙት አድርጉ።

በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ እንዳይሞትና ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ትእዛዙ የተሰጠው ለሚወጣው እንግዳ ሳይሆን ለቤቱ ባለቤት መሆኑን ልብ እንበል። የዛሬው መከታ በግድግዳው ውስጥ ነው፤ የታዘዘውም ያው የቤቱ ባለቤት ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ትምህርት ቤት ተሰናብተን እንሄዳለን። ከመካከላችን ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ የሰው ቤት የሚከራይ ብዙ ነው፤ ዕድሜ ከሰጠንም አንድ ቀን ቤት ሠርተን እናከራይ ይሆናል። ተከራይ በሆንን ጊዜ ሳንፈራ እንድንጠይቅ፣ ባለቤት በሆንን ጊዜም ሳንጠየቅ እንድናስመረምር፣ ዛሬ በእናንተ ፊት ቃል እንገባለን።