የአራስ ደጅ ጠባቂዎች
(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቡናው እስኪቀርብ ስለ ደጅ ጠባቂዎች ጥቂት እንጫወት።

ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ተሥለው እናያለን። የአራስ ደጅም ጠባቂ ነበረው። ወርዝልያ የምትባል ጨቅላ ገዳይ ነበረች ይባላል። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ ሆኖ ጎኗን በጦር ወጋት፤ እርሷም ስሙ በተጠራበት ደጅ ላትደርስ ማለች። ስለዚህ አያቶቻችን ታሪኩን ከነሥዕሉ በብራና አስጽፈው ክታቡን ከአራሷ ራስጌ ይሰቅሉ፣ ከትራሷም ሥር ብረት ያኖሩ ነበር። ለሟችም ልፋፈ ጽድቅ አብሮት ይቀበራል፤ በወዲያኛው ዓለም በሮች ያሳልፈዋል ተብሎ።

ሁለቱ ደጆች ጎረቤት ናቸው። እናቶቻችን «የአራስ መቃብር አፉ ክፍት ነው» ይሉን ነበር። በወሊድ ያለፈች እኅት ያልቀበረች ከመካከላችን የለችም። ክታቡ ከራስጌዋ ነበር፤ ደሙ ግን አልቆመም።

አያቶቻችንን አንነቅፍም። አንድ ትልቅ ነገር አስተምረውናል፤ አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎ ይዛ የምትገባው፣ ሌሊት አብራት የምታድረው ጎረቤት እርሷም ደጅ ጠባቂ ናት። ደም ሲበዛ፣ ትኩሳት ሲነሣ ቀድማ የምታየው እርሷ ናት።

ችግራችን መንገዱ ነው። ቃሬዛችን ለቀብር ብቻ ይወጣ ነበር። ለሞተ ሰው መንደሩ ሁሉ ይሸከማል፤ ምጥ ለያዛት ግን ሸካሚ እስኪገኝ ይነጋል። ስለዚህ ተስማምተናል፤ ቃሬዛው ለምጥም ይውጣ። ወሯ ለገባ ነፍሰ ጡር ሁለት ተረኛ እናቶችና አራት ሸካሚዎች አስቀድመው ይታወቁ። ከባናና ከዝተት ሽያጫችን ለመኪና የሚሆን ይቀመጥ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው። በመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ያለው ሆስፒታል ስሙ ራሱ «እናት» ነው። እስከ በሩ ማድረስ የእኛ ፈንታ ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ የጎደለን ተጨማሪ ቃሬዛና ለሌሊቱ ገደል የእጅ ባትሪ ነው።

ክታብ የምታስጽፍ ታስጽፍ፤ ተረኛዋ ግን ከደጁ አትጥፋ። ለሁላችንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለመባባል ያብቃን። አሜን።