የዜማው ሰውና ሁለቱ ግጥም ጸሐፊዎች
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከጸሐፊው የተሰማ ንግግር)



በየስብሰባው ከመዋጮና ከሒሳብ ሌላ አንድ ቁም ነገር እናሰማለን ባልነው መሠረት፣ ዛሬ ስለ አሜሪካዊው የዜማ ደራሲ ስለ ሪቻርድ ሮጀርስ እንናገራለን። «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የተባለውን ፊልም ያየ ሁሉ የእሱን ዜማ ሰምቷል። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሮጀርስ በ1902 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ሎሬንዝ ሃርት ከሚባል ግጥም ጸሐፊ ጋር ተጣመረ። መጀመሪያ ላይ አልሆነላቸውም። እንዲያውም ሮጀርስ በ22 ዓመቱ ሙዚቃውን ትቶ፣ በሳምንት 50 ዶላር እየተከፈለው የሕፃናት የውስጥ ልብስ ሻጭ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በ1925፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሊታይ ለታሰበ ትርዒት ዜማ ሥራ ተባለ። ሕዝቡ ወደደውና ከ200 ጊዜ በላይ ታየ። የልብሱም ሥራ በዚያው ቀረ።

ከሃርት ጋር 20 ዓመት ያህል ሠሩ። አሠራራቸውም አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ይቀድማል፣ ግጥሙ ይከተላል። ሃርት ባለ ተሰጥኦ ነበር፤ ነገር ግን መጠጥ አሸነፈው፣ ለሥራ ሲፈለግ አይገኝም ነበር። በ1943 ሞተ።

ሮጀርስ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1942፣ ከኦስካር ሐመርስታይን ጋር መሥራት ጀምሮ ነበር። የእሱ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ግጥሙን ጽፎ ያመጣል። ሮጀርስ ያን ጊዜ የ40 ዓመት ሰው፣ ስሙ የታወቀ ነው። «እኔ የለመድኩት እንዲህ አይደለም» ቢል ማን ይከለክለው ነበር? እሱ ግን ግጥሙን ተቀብሎ ፒያኖው ዘንድ ተቀመጠ። «ኦክላሆማ» የተባለው ሥራቸው 2,212 ጊዜ መድረክ ላይ ታየ። «ካሩሰል» በ1945፣ «ሳውዝ ፓሲፊክ» በ1949፣ «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» በ1959 ተከተሉ። በነዚህ ሥራዎች ዘፈኑ ለማሳመሪያ የገባ ሳይሆን ታሪኩን ይዞ የሚሄድ ነው።

ሐመርስታይን በ1960 ሞተ። በ1965 ለወጣው ፊልም ሁለት አዲስ ዘፈኖች ሲያስፈልጉ ሮጀርስ ግጥሙንም ራሱ ጻፈው። ፊልሙ 5 የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ1974 በካንሰር ምክንያት ጉሮሮው ተቆርጦ ወጣ፤ መናገርን እንደገና ተማረ፣ ዜማውንም አላቆመም። የመጨረሻ ቲያትሩ የታየው በሞተበት ዓመት፣ በ1979 ነው።

እንግዲህ ይህን ያነሳነው ያለ ነገር አይደለም። ግጥም ይጽፍልን የነበረው ልጅ አገር ከለቀቀ ወዲህ የወጣቶቻችን የሙዚቃ ቡድን ልምምድ አቁሟል። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ግጥም ይዛ ብትመጣ «እኛ የምንጀምረው ከዜማ ነው» ተብላ ተመልሳለች። ግጥሟ ይሁን አይሁን እኛ አንፈርድም፤ ዜማ ሲገባለት ይታያል። ሳይሞከር ግን አይሆንም ማለት ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ልጆቻችን፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ ይከፈትላችኋል። እሷንም ጠርተናታል። ክራሩን ይዛችሁ ኑ።