ለዓይንና ለወገብ የሚመች ጠረጴዛ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ቤታችሁ ሆናችሁ በኮምፒውተር ለምትሠሩ፣ ዛሬ ስለ ጠረጴዛችሁ አደረጃጀት እናወራለን።

ከወንበሩ እንጀምር። እግራችሁ መሬት ይርገጥ፤ ወገባችሁ መደገፊያ ያግኝ፤ ክርናችሁ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን። ጠረጴዛው ከረዘመባችሁ ወንበሩን ከፍ አድርጉና ከእግራችሁ ሥር መርገጫ አኑሩ።

ሞኒተሩን ክንዳችሁን ስትዘረጉ በምትደርሱበት ርቀት አስቀምጡት፤ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ወፍራም መጻሕፍት ደርቡለት። መስኮቱ ከጎናችሁ ይሁን፤ ከኋላ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ከፊት ሲሆን ዓይን ይወጋል።

በየ20 ደቂቃው ደግሞ ለ20 ሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ የራቀ ነገር ተመልከቱ። የጉለሌ ነዋሪዎች ለዚህ ታድላችኋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ላይ ተንጣሎላችኋል። መስኮታችሁ ወደ ማዕከሉ የሚያሳይ ከሆነ በመጋረጃ አትዝጉት። በዕረፍት ቀን ደግሞ ጎራ በሉና በአገር በቀል ዛፎች መካከል በእግራችሁ ተጓዙ፤ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ወንበር የእግር ጉዞን አይተካምና።



(ሙዚቃ)