ጨዋ ልጅ ወይስ የፈራ ልጅ?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ለሐኪሙም ለሶሻል ወርከሩም የሚሆን ርዕስ ምረጪ» ሲሉኝ ብዙ አልተቸገርኩም። ሁለቱ ሙያዎች በየቀኑ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እሱም የሕፃናት ክፍል ነው። አንድ ልጅ ተጎድቶ ሲመጣ ቁስሉን የሚያየው ሐኪሙ ነው፤ ቤቱን የሚያየው ማኅበራዊ ሠራተኛው ነው። ከዚያ ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ መመለስ አለባቸው፦ ይህ ልጅ ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ አይመለስ?

ይህን ጥያቄ የሚመልስ የደም ምርመራ የለም። ራጅም ቢሆን አጥንቱ መሰበሩን እንጂ ማን እንደሰበረው አይነግረንም። የጎደለውን የምንሞላው በራሳችን ፍርድ ነው። ፍርዳችን ደግሞ ከተማርነው ብቻ ሳይሆን ካደግንበት ቤትም ይመጣል። ስለ ቤተሰቡ ባህል ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት የወሳኙን ባህል ነው።

እስቲ በአንድ ቀላል ምልክት እንጀምር። አንድ ልጅ አዋቂ ሲያናግረው ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። እኛ ዘንድ ይህ ልጅ ምን ይባላል? ጨዋ ይባላል፣ አይደል? ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያለች ማኅበራዊ ሠራተኛ ግን ይህንኑ ልጅ አይታ «የሚደብቀው ነገር አለ፤ ፈርቷል» ልትል ትችላለች። ማናችን ነን ትክክል? ሳንጠይቅ አናውቅም። ልጁ በሥርዓት ያደገ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ የሚደበደብም ሊሆን ይችላል። እሷ የሌለ አደጋ ልታይ ትችላለች፤ እኛ ደግሞ ያለውን አደጋ «ጨዋ ነው» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ስህተቱ በሁለቱም በኩል አለ፤ ሁለቱም ደግሞ ልጅ ያስከፍላሉ።

የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት የሌላውን ሰው አኗኗር እንደ ጥፋት ማየት ነው። ለዚህ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1974፣ ነባር ሕዝቦች በብዛት በሚኖሩባቸው ክፍለ ግዛቶች የተደረጉ ጥናቶች፣ ከልጆቻቸው ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ከቤተሰባቸው ተለይተው በአሳዳጊ ቤት፣ በጉዲፈቻ ወይም በተቋም ውስጥ እንደሚኖሩ አሳዩ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ አንዱ ግን ለእኛ በጣም ቅርብ ነው። እናት ልጇን ለአያቱ ወይም ለአክስቱ ትታ ስትሄድ፣ ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናትና ልጅ ብቻ ነው ብሎ ያደገው ማኅበራዊ ሠራተኛ «ልጁን ጥላው ሄደች» ብሎ ይመዘግብ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ «በአያቱ እጅ ያደገ እጁን ያውጣ» ብል ስንቱ እጅ ይወጣ ይሆን? የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ለእነዚህ ልጆች የተለየ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ልጁ ከወላጆቹ መለየቱ ግድ ከሆነ በመጀመሪያ የሚታሰበው ዘመድ ነው። ጉዳዩ እንደገና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉ ጸንቷል።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጥፋትን «ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ። የቪክቶሪያ ክሊምቢዬን ታሪክ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በትምህርት ላይ አግኝታችሁት ይሆናል። አይቮሪ ኮስት የተወለደች ልጅ ናት። የአባቷ አክስት «አውሮፓ ወስጄ አስተምራታለሁ» ብላ ከወላጆቿ ተቀብላ መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ቀጥሎም ለንደን ወሰደቻት። የካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ላይ በ8 ዓመቷ ሞተች። በአስከሬኗ ላይ 128 የጉዳት ምልክቶች ተቆጠሩ። አክስትየዋና አብሯት የሚኖረው ሰው በግድያ ተፈረደባቸው።

ይህች ልጅ ከማንም ዓይን የተሰወረች አልነበረችም። ማኅበራዊ ሠራተኞች አይተዋታል፤ ፖሊስ ያውቃታል፤ ሁለት ሆስፒታሎች ገብታለች። በአንደኛው ሆስፒታል ሰውነቷ ላይ ያለው ምልክት እከክ ነው ተብሎ ነበር። ሎርድ ላሚንግ የመሩት አጣሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት ላይ እኔ ደጋግሜ የማስበው አንድ ነጥብ አለ። ቪክቶሪያ አክስቷ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። ይህን ያዩ ባለሙያዎች «እነሱ ዘንድ ልጅ ታላቁን ያከብራል፤ ይታዘዛል» ብለው ተረጎሙት። በኋላ ወላጆቿ ሲጠየቁ፣ እኛ ቤት እንደዚያ እንድትቆም ተጠይቃ አታውቅም አሉ። ባለሙያዎቹ ለባህሉ ክብር የሰጡ መስሏቸው ነበር። ግን ባህሉን ከባለቤቶቹ አልጠየቁም፤ ራሳቸው ገምተው ራሳቸው አከበሩት።

እንግዲህ ሐኪሞች «ይህ የሶሻል ወርከሮች ችግር ነው» እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በሰው ጥቃት ራሳቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን 173 ሕፃናት መዝገብ መርምሮ ነበር። 54ቱ አስቀድመው ሐኪም ዘንድ ቀርበው ነበር፤ ሐኪሙ ግን አላወቀላቸውም። ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ ወደ ቤት ተመልሰው እንደገና ተጎድተዋል። ብዙ ጊዜ የታለፉት የትኞቹ ናቸው? ነጭ የሆኑና እናትና አባታቸው አብረው የሚኖሩ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ ከመጡ ከ3 ዓመት በታች ሕፃናት መካከል ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ወገኖች ለጥቃት ተብለው የመመርመርና ለመንግሥት አካል የመጠቆም ዕድላቸው ከነጮቹ የበለጠ መሆኑን አሳየ። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። ሐኪሙ እሱን የሚመስለውን ቤተሰብ አመነ፤ የማይመስለውን ጠረጠረ። በዚህም በሁለቱም በኩል ልጅ ተጎዳ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ። «እኛ ሁላችንም ኢትዮጵያውያን ነን፤ የባህል ልዩነት የለብንም» የሚል ካለ፣ ከተማ ተወልዶ ያደገ ባለሙያ ከገጠር የመጣችን እናት እንዴት እንደሚያናግር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ይመልከት።

የእኛን ዓይን በጣም የሚሸፍነው ግን፣ በእኔ ግምት፣ «የዘመድ ልጅ» የምንለው ነገር ነው። አንዲት የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ከገጠር መጥታ «አክስቷ» ቤት ትኖራለች። «ላስተምራት ነው ያመጣኋት» ትላለች ሴትየዋ። ልጅቷ ማታ ትማራለች፤ ቀን ሕፃን ታዝላለች፣ ታጥባለች፣ እሳት ታነዳለች። አንድ ቀን እጇ ተቃጥሎ ሆስፒታል ትመጣለች። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ባለሙያ ወዲያውኑ «የልጅ ጉልበት ብዝበዛ» ሊል ይችላል፤ እውነትም በዘመድ ቤት ተምሮ ትልቅ ቦታ የደረሰውን ሰው ሁሉ አያውቅም። እኛ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለችበት ቤት ውስጥ ስላደግን ምንም አይታየንም። አስተውሉ፤ ቪክቶሪያንም ከወላጆቿ የወሰዳት ዘመድ ነበር፤ ቃሉም «አስተምራታለሁ» የሚል ነበር።

ታዲያ እንዴት እንለይ? ልጅቷን ከቤቱ ልጆች ጋር በማስተያየት ነው። የት ትተኛለች? ከማን ጋር ትበላለች፣ መቼ? የቤቱ ልጆች ቀን ሲማሩ እሷ ለምን ማታ? ስትታመም ማን አሳከማት? እናትና አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘቻቸው መቼ ነው? የእነዚህ መልስ ከቤቱ ልጆች ጋር ከተቀራረበ ዘመድ ቤት ናት። ከተራራቀ ግን ስሙ ዘመድነት ቢሆንም ልጅቷ ሠራተኛ ናት፤ ጥበቃም ያስፈልጋታል።

ቅጣትም እንደዚሁ ነው። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት ሰምቶ ያላደገ እዚህ የለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል። የወንጀል ሕጋችን ደግሞ ሕፃንን ማንገላታትን እየቀጣ፣ ወላጅ በአግባቡ ለማሳደግ ሲል ሕግ ሳይተላለፍ የሚወስደውን የሥነ ሥርዓት እርምጃ አያስቀጣም ይላል። እዚህ ላይ ወሰኑን የሚያሰምረው ባለሙያው ነው። «እኔም በአርጩሜ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» የሚል ሰው መስመሩን አርቆ ያሰምራል። ተመትቶ የማያውቅ አቅርቦ ያሰምራል። ልጁ ግን በማን እጅ እንደሚወድቅ አይመርጥም።

ሐኪሙ እዚህ ላይ የሚያግዝበት የራሱ ሥራ አለው። ብዙ ጥቁር ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ መሰል ምልክት አለባቸው። በሽታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት እየደበዘዘ ይጠፋል። የማያውቀው ሰው ግን የምት ሰንበር ይመስለዋል። ሰንበር በቀናት ውስጥ መልኩን ይቀያይራል፤ ይህ ግን አይቀያየርም። ሲወለድ ያየው ሐኪም ካርዱ ላይ አንድ መስመር ቢጽፍ፣ ነገ ውጭ አገር ያለች አንዲት እናት ከብዙ ጣጣ ትድናለች። የዋግምት ምልክት፣ ቅንድብ አካባቢ ያለ ብጣት፣ እነዚህም በደንብ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ሕፃን ይገድላል፤ ባህል ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ልጇን ለማዳን ብላ ያስቆረጠች እናትና ልጁን በሲጋራ ያቃጠለ ሰው አንድ ዓይነት ውሳኔ አይገባቸውም። ለመጀመሪያዋ ትምህርትና ክትትል ይበቃታል፤ ሁለተኛው ጋ ልጁን መመለስ አደጋ ነው።

ውሳኔው ልጁን በመለየት ቢያልቅ እንኳ ሥራው አላለቀም። ኖርዌይ ውስጥ የአንዲት ሶማሊያዊት ሙስሊም እናት ልጅ ለክርስቲያን አሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጥቶ፣ በኋላም እናትየው ሳትስማማ በጉዲፈቻ እንዲቀር ተወስኖ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ትልቁ ችሎት በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ሕይወት መብቷ ተጥሷል ብሎ ፈረደ። ልጁ ከእናቱና ከሃይማኖቱ ጋር ያለው ግንኙነት በቂ ክብደት አልተሰጠውም ነበር።

ምን እናድርግ? እኔ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ያየነውንና የገመትነውን ለየብቻ እንጻፍ። «ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ» የታየ ነው። «ፈርቷል»ም ሆነ «ጨዋ ነው» ግምት ነው። በመዝገቡ ላይ ሲቀላቀሉ ቀጣዩ አንባቢ ግምታችንን እንደ ማስረጃ ይወስደዋል።

ሁለተኛ፣ ልጁን ብቻውን፣ በራሱ ቋንቋ እንጠይቀው። አማርኛ የማትችል ልጅ መጥታ፣ አስተርጓሚዋ ያቺው «አክስት» ከሆነች ምንም አልጠየቅንም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ባህሉን ከባለቤቶቹ እንጠይቅ፤ ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከሁለት ከሦስት። «ይህ እናንተ ዘንድ የተለመደ ነው? የተለመደ ከሆነስ እስከዚህ ድረስ?» በየትኛውም ማኅበረሰብ ቅጣትና ጭካኔ ይለያያሉ፤ ወሰኑን ደግሞ ከእኛ ይልቅ ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ያውቁታል።

አራተኛ፣ ከመፈረማችን በፊት ጉዳዩን እንገልብጠው። ይህ ልጅ የሰፈሬ ልጅ፣ አባትየው የሥራ ባልደረባዬ ቢሆን ምን እወስን ነበር? መልሱ ከተለወጠ ቆም ብለን አብሮን ከሚሠራ ሰው ጋር እንመካከር።

መምህራኖቻችን፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው እንደገና የተከፈተው። በእነዚህ ዓመታት ከራሳችን ቤቶች፣ ከራሳችን ጉዳዮች ተጽፎ ሊቀመጥ ይችል የነበረ ብዙ ዕውቀት ቀርቶብናል። ዛሬም ተማሪው የሚያነበው ምሳሌ በአብዛኛው የውጭ አገር ነው። የሕክምናና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ አብረው ተቀምጠው፣ ስም ያልተጠቀሰበት አንድ እውነተኛ ጉዳይ ቢወያዩበት ምን ይመስላችኋል? እያንዳንዱ መጀመሪያ ብቻውን ውሳኔውን በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ ወረቀቶቹ ይነበቡ። አንዱ «ይመለስ»፣ ሌላው «አይመለስ» ብሎ ሲገኝ፣ ለምን እንደተለያዩ መነጋገር ይጀምራሉ። አዳራሽና ሻይ እንጂ ሌላ በጀት አይፈልግም። ሻዩን ማኅበራችን ይችላል ብዬ በፕሬዚዳንታችን ስም ቃል ገብቻለሁ፤ እሳቸውም እየሳቁ ስለሆነ ተስማምተዋል ማለት ነው።