ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



 ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን አይደለም። በስብሰባችን ተነሥቶ የማያውቅ የሴቶች ጉዳይ ነው። አባቶች፣ አቀርቅራችሁ እንዳታልፉኝ። ልጅ ታማ ስትወድቅ የመኪና የምታወጡት እናንተ ናችሁና ስሙኝ። እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁን የጤና ባለሙያ ጠይቄ ነው ያመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ለታናናሾቿ ካመጣችው ዕቃ ውስጥ አንድ ፓኮ ነበር። ጽሑፉ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ይዘውት መጡና «እትዬ፣ ይኼ እንዴት ነው የሚደረገው?» አሉኝ። ጣት የምታክል፣ ጫፏ ላይ ክር ያላት፣ የተጠቀጠቀች ጥጥ ናት። እኔም አላወቅኋትም። ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ታምፖን ይባላል አሉኝ። ሞዴስ ከውጭ ይደረጋል፤ ታምፖን ግን ወደ ብልት ውስጥ ገብቶ የወር አበባን ይመጣል። በአግባቡ ከተጠቀሙበት ክፉ ዕቃ አይደለም። ክፋቱ ሲረሳ ነው።

ምክንያቱም ስታፊሎኮከስ የሚባል ተሕዋስ አለ። በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ዝም ብሎ ይኖራል። ደም የጠጣ ጥጥ ውስጥ ረዥም ሰዓት ሲቆይ ግን ሊራባ ይችላል፤ አንዳንዱ ዓይነትም መርዝ ያወጣል። መርዙ ወደ ደም ከገባ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል፣ ሰውም በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በሽታውን ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም ይሉታል።

ስሙን ያወጡለት ጄምስ ቶድ የተባሉ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪም ከጓደኞቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1980 በዚያው አገር ከወር አበባ ጋር በተያያዘ ከ800 በላይ ሴቶች ታመሙ፤ 38ቱ ሞቱ። ሪላይ የተባለው፣ ብዙ ደም የሚይዝ ታምፖን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከገበያ ወጣ። ዛሬ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ሲያጋጥም ግን ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ወደ እኛ ልመልሳችሁ። የርብና የጉማራ ውኃ በፎገራ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሲሸሽ የምንለው ቃል አንድ ነው፤ «ወባ ናት»። በ1997 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሊቦ ከምከም ካላዛር ሲገባ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ስንት ሰው እንዳለቀ ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ አንዲት ልጅ የወር አበባዋ ላይ ሆና ቢያተኩሳት ማን ይጠይቃታል? እሷስ አፍራ መች ትናገራለች?

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። ከልጆቹ አንደኛዋ ለካ እኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት አድርጋው አድራ፣ እስከ ማግስቱ ማታ አላወጣችውም። የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናት። ያን ሌሊት አተኩሷት ቢሆን ኖሮ ግን እናቷ ብርድ ልብስ ደርባ ታስተኛት ነበር።

ስለሆነም እነዚህን ያዙልኝ፤

1ኛ/ ታምፖን የምትጠቀም ሴት እጇን በሳሙና ታጥባ ታድርግ። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ትለውጠው፤ ከ8 ሰዓት በላይ አታቆየው። ለሚበቃት ያህል ትንሹን ዓይነት ትምረጥ። ሌሊት ሞዴስ ይሻላል። የመጨረሻውን ማውጣቷንም አትርሳ።

2ኛ/ ጨርቅ ወይም ጥጥ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ይቅር። ክር ስለሌለው ውስጥ ይቀራል።

3ኛ/ ከውጭ የሚደረግ ጨርቅ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በእፍረት ከአልጋ ሥር እርጥቡን አንደብቀው።

4ኛ/ ድንገት ከባድ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ ሽፍታ ከመጣ ታምፖኑን አውጥቶ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ የሽፍታው ቅላት ላይታይ ይችላል። የወባ ምርመራውም ይደረግ፤ ግን «የወር አበባዬ ላይ ነኝ፤ ታምፖን አድርጌ ነበር» ብላ ትናገር። ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሂዱ ከተባለ ለነገ አይባልም። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም።

5ኛ/ አንድ ጊዜ በዚህ በሽታ ታማ የዳነች ሴት ታምፖን ዳግመኛ አትጠቀም።

አባቶች ሆይ፣ ይህ በሽታ በቁስልና በቃጠሎ በኩል ወንዱንም ሕፃኑንም ይይዛል። ስለዚህ የሴት ነገር ነው ብላችሁ አትተዉት።

ታጥቦ የሚደረግ ሞዴስ መቀሌ ላይ የምታሠራው ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተሸለመችው ሰው የሚያፍርበትን ነገር በአደባባይ ስለ ተናገረች፣ ስለ ሠራችም ነው። እኛ ፋብሪካ መክፈት ባንችል አፋችንን መክፈት አያቅተንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም? ዛሬ ማታ እያንዳንዷ እናት ልጇን ቁጭ አድርጋ ትንገራት። እናት የሌላትን እኔ እነግራታለሁ፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ።

 

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ወረታ